መቶ ፊደል ለማን ይበቃል?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር ለመጻፍ ምን አገባቸው? የሚል ጥያቄ ከሳይንስ ወገን ካሉ ጓደኞቻችን እንደሚሰነዘርብን እናውቃለን። ስለዚህ መልሳችንን አስቀድመን እንስጥ። ኮምፒውተር የሚቀበለው ቃል ነው፤ የሚያስቀምጠውም ቃል ነው፤ ቦታ ሲጠበው የሚቈርጠውም የእኛኑ ቃል ነው። ቃል ደግሞ የትምህርታችን ዋና ጉዳይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ነገር ዝም የምንልበት ምክንያት አይታየንም። ከዚህም በላይ፥ ቃሉ የተቈረጠበት ሰው ከመካከላችን አንዱ የሆነ እንደ ሆነ፥ ነገሩ የሙያ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመብት ጥያቄ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቢታ ገነት አብሮን የመጣ አንድ ጓደኛ አለን። እውነተኛ ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈቀደ፥ በርዝመት የሚተካከል ሌላ ስም እናውሰውና ወልደ ማርያም ኃይለ ሚካኤል ገብረ እግዚአብሔር እንበለው። ይህ ጓደኛችን ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ተመዘገበ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም፤ ሐሳባችን መክሰስ አይደለምና። መዝጋቢዋ ስሙን ከነአያቱ አሟልታ ስትጽፍ በዓይኑ አይቷል። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ግን «ወልደ ማርያም ኃይ» ይላል፤ ከዚያም ቀጥሎ የምንም ፊደል ያልሆነ አንድ እንግዳ ምልክት ተለጥፎበታል።

«እኅቴ፥ ይህ እኮ የእኔ ስም አይደለም» አላት።

«ምን ላድርግልህ ወንድሜ፤ እኔ ሙሉውን ነው የጻፍሁት። ኮምፒውተሩ ያወጣው ይኸው ነው» ብላ መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ የደረሰበትን መጕላላት በዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም። የትምህርት ማስረጃው ላይ ያለው ሰውና ወረቀቱ ላይ ያለው «ኃይ» አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ እንዲያመጣ ስለ ተጠየቀ፥ ከቢታ ገነት እስኪላክለት ድረስ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። እኛም በመጀመሪያ ሳቅን፤ «ኃይ» የሚለውንም ቅጽል ስም አደረግንለት። ኋላ ግን አፈርን። የአባቱን ስም ከሲሶው ላይ፥ የአያቱን ስም ከነጭራሹ የተቀማ ሰው መሳቂያ ሊሆን አይገባውም።

ይህን ነገር በመኝታ ክፍላችን ስንጨዋወት፥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠና አንድ የክፍላችን ልጅ እንዲህ አለን፦ «ሜይንፍሬም የሚባለው ትልቁ ኮምፒውተር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከመቶ ምልክት በላይ አልሰማም ብሎ ኖሯል። ነገር ግን እርሱ አልሰማም ሲል ጮኾ ይናገራል እንጂ ሰምቻለሁ ብሎ አይቈርጥም»። በዚህ አነጋገር ስለ ተገረምን ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳን ለመንነው። ያስረዳንንም ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ይገባናል፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚሆን ምክር በውስጡ አግኝተንበታልና።

ሜይንፍሬም ታላላቅ ባንኮች፥ የመድን ድርጅቶችና መንግሥታት የሚገለገሉበት የኮምፒውተር ዓይነት ነው። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1964) ሲስተም/360 የተባለውን የኮምፒውተር ቤተ ሰብ ለዓለም አስተዋወቀ። ዛሬ በሜይንፍሬም ላይ የሚሠራው ዚ/ኦኤስ የተባለው ሥርዓት የዚያው የልጅ ልጅ ነው። በዚህ ኮምፒውተር ብዙው ከባድ ሥራ የሚሠራው በባች ነው። ይኸውም እንደ ወፍጮ ቤት ማለት ነው፤ የሰው ሁሉ እህል ይሰበሰባል፤ ተራው ሲደርስ ባለቤቱ ባይቆምበትም ይፈጫል። የባንክ የቀን ሒሳብ ተጠራቅሞ ሌሊት የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

ባለቤቱ አጠገቡ ስለማይቆም፥ ለኮምፒውተሩ ማዘዣ ጽፎ መተው አለበት። ማዘዣው የሚጻፍበት ቋንቋ ጄ.ሲ.ኤል. ይባላል። ማዘዣው ሥራው የማን እንደ ሆነ፥ የትኛው ፕሮግራም እንደሚሠራ፥ ፕሮግራሙም የትኞቹን ፋይሎች እንደሚያገኝ ይናገራል። ከፕሮግራሙም ስም አጠገብ «ፓርም» የሚል ቃል ተጽፎ ለፕሮግራሙ አጭር ትእዛዝ ይሰጠዋል። የዚህን ወር ሒሳብ ብቻ ሥራ፤ የዚህን ቅርንጫፍ ብቻ አውጣ፤ በዚህ ዓይነት አትም፤ እንደማለት ነው። ፓራሜትር የሚባለው ይህ ነው።

ማዘዣው በጥንት ጊዜ የሚጻፈው በወፍራም ወረቀት ካርድ ላይ ቀዳዳ በመብሳት ነበር። ካርዱ 80 ዓምድ አለው። ማዘዣው እስከ 71ኛው ዓምድ ድረስ ይጻፋል፤ የተረፈው ወደሚቀጥለው ካርድ ይሻገራል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ቃል ሲሻገር ደግሞ ልክ በ16ኛው ዓምድ ላይ መቀጠል አለበት። አንድ ዓምድ ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ነገሩ ይበላሻል። ካርዱ ቀርቶ በስክሪን ላይ መጻፍ ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የዓምዱ ሕግ ግን ከካርዱ ጋር አልተቀበረም። ይህን መጽሔት የሚተይቡልን ጓደኞቻችን ከገጽ ጠርዝ ጋር ሲታገሉ የሚደርስባቸውን ያስታውሱ።

እንግዲህ ቃሉ በሁለት ካርድ ቢሻገር፥ በሦስትም ቢሻገር፥ የፓርሙ ጠቅላላ ርዝመት ከ100 ምልክት ማለፍ አይችልም። 101ኛው ምልክት ከተጨመረ ሥራው ገና ሳይጀመር ይቆማል፤ በፓርም ላይ የተጻፈው ከመጠን በላይ ረዝሟል የሚል መልእክትም ለባለቤቱ ይሰጠዋል።

ለመሆኑ መቶ የሆነው ስለ ምንድን ነው? የተፈጥሮ ግዴታ ኖሮበት አይደለም። ሥርዓቱ ቃሉን ለፕሮግራሙ ሲያስረክብ አስቀድሞ ርዝመቱን በሁለት ባይት ጽፎ ይሰጠዋል፤ ሁለት ባይት ደግሞ ከሠላሳ ሺህ በላይ መቍጠር ይችላል። ስለዚህ መቶ የተባለው በሰው የተደነገገ ልክ ነበር። በዚያ ዘመን የነበሩትን መሐንዲሶች ግን በዛሬ ዓይን ብቻ መፍረድ አይገባም። ከሲስተም/360 ቤተ ሰብ ትናንሾቹ 8 ሺህ ባይት ያህል ማስታወሻ ብቻ ይዘው ይገዙ ነበር። በቤቱ አንድ ቁና እህል ብቻ ያለው ሰው በእፍኝ ቢሰፍር ንፉግ አይባልም። የዚያን ሥርዓት ሥራ የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ጄ.ሲ.ኤል.ን ከተፈጠሩት የኮምፒውተር ቋንቋዎች ሁሉ የከፋ ነው ብሎ ፈርዶበታል። ምክንያቱንም ሲናገር፥ ሲሠሩት ከሥራው የሚቀድሙ ጥቂት ካርዶች ብቻ መስሏቸው እንደ ቋንቋ እንዳልቈጠሩት ያስረዳል። ሰው ሥራውን እንዲህ ሲወቅስ መስማት ብርቅ ነው።

አሁን በቢታ ገነት ያደግን ሁሉ ወደምናውቀው ነገር እንምጣ። ቡና ሲፈላ እናት ልጇን ጠርታ፥ «ሂድና ለእትዬ፥ ቡናው ደርሷል ይምጡ በላቸው» ትለዋለች። ልጁ ይሮጣል፤ ቃሉ አጭር ስለ ሆነ ሳይጠፋው ያደርሳል። ነገር ግን በገበያ ቀን ከሱቅ የሚመጣው ነገር ዘጠኝና ዐሥር ዓይነት የሆነ እንደ ሆነ፥ ከነመጠኑና ከነዋጋው በልጁ ራስ ላይ የሚጭን ብልህ ወላጅ የለም። ጨውን ይዞ ሳሙናን ይረሳል፤ ወይም ያላዘዙትን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዝርዝሩ በወረቀት ይጻፍና ታጥፎ በእጁ ይሰጠዋል፤ ለልጁም «ይህን ወረቀት ለባለ ሱቁ ስጥ» ብቻ ይባላል። የልጁ ቃል አጭር እንደ ሆነ ይቀራል፤ ነገሩ ግን ሙሉ ሆኖ ይደርሳል።

የሜይንፍሬም ሰዎችም ለብዙ ዓመታት ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው። ፕሮግራሙን ራሳቸው የጻፉት እንደ ሆነ፥ ረጅሙን ትእዛዝ በፓርም ከመላክ ይልቅ ሲስኢን በሚባለው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡትና ፕሮግራሙ ራሱ ከፍቶ እንዲያነበው ያደርጋሉ። ፕሮግራሙ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ በፓርም ብቻ የሚሰማ እንደ ሆነ ደግሞ፥ አንድ ትንሽ አቀባይ ፕሮግራም ይጽፋሉ። አቀባዩ ፋይሉን ያነብና ትልቁን ፕሮግራም ጠርቶ ረጅሙን ቃል ያስረክበዋል፤ የመቶው ልክ የተደነገገው በማዘዣው ላይ ነው እንጂ ፕሮግራም ፕሮግራምን ሲጠራ አይደለምና። ይህን ያልቻሉት ቃሉን እያሳጠሩ፥ እያኰማተሩ፥ ለሌላ ሰው የማይገባ ምሥጢር እያደረጉት ኖረዋል።

«ታዲያ ልኩን ከመቶ ወደ ሺህ ማሳደግ ምን ያስቸግራል?» ብለን ጠየቅነው። እኛ አብዮተኞች ነንና አሮጌውን በር ማፍረስ ይቀናናል። ጓደኛችን ግን ሳቀብን። ለካስ በእነዚያ ዓመታት የተጻፉ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ከመቶ በላይ አይመጣም የሚለውን ቃል አምነው የመቶ ባይት ቦታ ብቻ አዘጋጅተዋል። ሳያስጠነቅቁ ሦስት መቶ ባይት ቢያፈሱባቸው፥ ትርፉ በአጠገቡ ባለው ማስታወሻ ላይ ይፈስሳል፤ የሌላውን ነገር ያጠፋል። በሲኒ ላይ እንስራ እንደ መገልበጥ ነው። ፕሮግራሙ በሥርዓቱ ዘንድ ልዩ ሥልጣን የተሰጠው የሆነ እንደ ሆነማ፥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያች በፈሰሰችው ትርፍ በኩል ሥልጣኑን ሊሰርቅ ይችላል።

ስለዚህ መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2013፥ በእኛ በ2006 ዓ.ም. መስከረም ወር፥ ዚ/ኦኤስ 2.1 ሲወጣ በሌላ መንገድ መጣ። አሮጌው ፓርም ከነመቶው እንዳለ ተተወ። በጐኑ ግን ፓርምዲዲ የተባለ አዲስ በር ተከፈተ። ባለ ሥራው በማዘዣው ላይ የሚጽፈው የአንድ ፋይል መጠሪያ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ቃል በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥርዓቱ ራሱ ያነብና ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ርዝመቱም እስከ 32,760 ባይት ይደርሳል። ልዩ ሥልጣን ያላቸው ፕሮግራሞች ግን ሎንግፓርም የተባለ ምልክት ካልተደረገባቸው፥ ማለት ረጅም ቃል መቀበል እችላለሁ ብለው አስቀድመው ካልተናገሩ፥ ከመቶ በላይ አይሰጣቸውም። ነገሩ ያው ለልጁ ወረቀት መስጠት ነው፤ ልዩነቱ አሁን ወረቀት መስጠት የቤቱ ሕግ መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፥ ልክ ያለው መዝገብ ልኩን ይናገር እንጂ በዝምታ አይቍረጥ። ሁለተኛ፥ የጠበበ በር ሲገኝ የሚገባው ሰው እግሩን ይቍረጥ አይባልም፤ ሌላ በር ይከፈታል እንጂ። ሦስተኛ፥ አዲሱ በር ሲከፈት በአሮጌው አምነው ቤታቸውን የሠሩት ሰዎች አይናዱ።

አሁን ወደ ጓደኛችን ስም እንመለስ። ለምን «ኃይ» ላይ ቆመ? ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠርተን አገኘነው። በዛሬ ኮምፒውተሮች ዘንድ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ፥ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በሚባለው፥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፤ አንድ የግእዝ ፊደል ግን ሦስት ባይት ይይዛል። «ወልደ ማርያም» 7 ፊደል ስለ ሆነ 21 ባይት ነው፤ ከባዶ ቦታው ጋር 22። ሌላ ባዶ ቦታ ሲጨመር 23። «ኃይ» 6 ባይት ሲጨምር 29 ይሆናል። መዝገቡን ያዘጋጀው ሰው ለስም 30 ባይት ሰጥቶ ሠላሳ ፊደል የሰጠ መስሎት ነበር። የቀረችው አንዲት ባይት «ለ» ለሚለው ፊደል ሲሶ ብቻ ናት፤ የፊደል ሲሶ ደግሞ በዓለም ላይ ስለሌለ ያ እንግዳ ምልክት ታተመ። ስሙ በሙሉ ከነባዶ ቦታዎቹ 77 ባይት ነው። እንግዲህ ሠላሳ ባይት ማለት ለላቲን ሠላሳ ፊደል፥ ለእኛ ግን ዐሥር ፊደል ማለት ነው።

የቢታ ገነትን አድራሻ ደግሞ በመቶው ልክ ለካነው። «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ካፋ ዞን ቢታ ወረዳ ቢታ ገነት ከተማ» የሚለው 36 ፊደልና 11 ባዶ ቦታ ነው። በባይት ሲቈጠር 119 ይሆናል። ጄ.ሲ.ኤል. የሚጻፍበት የምልክት ሰንጠረዥ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ስለ ሆነ የእኛን ፊደል በቀጥታ አይቀበልም፤ ስሌቱን የሠራነው ለማመዛዘን ብቻ ነው። ነገር ግን የማንም መዝገብ አዘጋጅ ለአድራሻ መቶ ባይት መድቦ እጅግ ቸር የሆነ ቢመስለው፥ የቢታ ገነት ሰው ወደ ቤቱ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። ካፊ ኖኖም ቢሆን በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከዚህ የዳነ አይደለም፤ ረጅሙ አናባቢ በድርብ ስለሚጻፍ በሌላ መንገድ ይረዝማል።

በኪሳችን ባለው ስልክም ያው ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ 160 ምልክት ይሆንለታል፤ በግእዝ ፊደል ለሚጽፍ ግን 70 ብቻ። ከቤታችን ለምንልከው ሰላምታ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ከለመድንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለናል። እናታችን የጻፈችልን መልእክት ለሁለት ተከፍሎ ሲመጣ ወሬ የምታበዛ እርሷ ሆና አይደለም፤ ስፍሩ ለእርሷ ፊደል ጠቦ ነው።

ይህ ፈተና ለፊደላችን አዲስ አይደለም። የጽሕፈት መኪና ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ ፊደላችን እጅግ ብዙ ስለ ሆነ መኪናው አይችለውምና ይቀነስ ያሉ ሊቃውንት ተነሥተው ነበር። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ በቅን ልቡና አገራቸው በሥልጣኔ እንድትራመድ የሚመኙ ሰዎች ነበሩበት። በጽሕፈት መኪናውም ላይ ፊደሉን ለብቻ፥ ቅጥያውን ለብቻ እየመቱ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ከነሰባት ቤቱ ተቀበለ። ዛሬ በአንዲት ትንሽ ስልክ ላይ ከሀ እስከ ፐ ከነዲቃላዎቹ እንጽፋለን። ጠባብ የነበረው መኪናው ነበር እንጂ ፊደሉ ትርፍ አልነበረም። ያን ጊዜ ተቻኵለን ቀንሰነው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ መኪናው ሰፍቶ ፊደላችን ጠቦ በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን። «ረጅም ነገር የሚወድ ሰነፍ ነው፤ በመቶ ፊደል ያልተነገረ ትእዛዝ በሺህም አይነገር» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የኮምፒውተር ተማሪው ጓደኛችንም፥ አንዳንድ ሰው ፓርሙን የሚያስረዝመው ሐሳቡን ስላላጠራ መሆኑን አልካደም። አባቶቻችንም «ለብልህ አይነግሩም፥ ለአንበሳ አይመትሩም» ይላሉ። ነገር ግን ይህ ተረት የተነገረው ለብልህ ነው። ኮምፒውተር ብልህ አይደለም፤ ያልተነገረውን አይገምትም፤ ስለዚህ ሁሉን በሙሉ ሊነገረው ይገባል። ደግሞም ሰው ወዶ ያሳጠረው ቃልና ሌላ ሰው የቈረጠበት ቃል አንድ አይደሉም። ስማችንን ስናቈላምጥ ደስ ይለናል፤ መሥሪያ ቤት ሲያቈላምጥልን ግን ደብዳቤ አምጣ እንባላለን።

«ይህ ሁሉ የገንዘብና የባለሙያ እጦት ነው፤ ድኻ አገር ምን ታድርግ?» የሚልም ይኖራል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ሲስተም/360ን የሠሩት ሰዎች በ8 ሺህ ባይት ሲቈጥቡ በእርግጥ ቸግሯቸው ነበር። ዛሬ ግን በጣም ርካሹ ስልክ እንኳ ከዚያ እጅግ አብልጦ ይይዛል። ዛሬ ለስም ሠላሳ ባይት የሚመድብ ሰው የቸገረው ቦታ ሳይሆን አሳብ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳውን መዝገብ የአባትና የአያት ስም ወደምንጠራበት አገር ሲያመጣ፥ ይህ ሕዝብ ስሙን እንዴት ይጽፋል? ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄው ደግሞ ምንም ወጪ አልነበረውም።

እንግዲህ መተቸት ብቻ የተማሪ ሥራ እንዳይሆን፥ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። የኮምፒውተር ተማሪዎች ለመመረቂያም ይሁን ለመሥሪያ ቤት መዝገብ ሲያዘጋጁ ርዝመቱን በባይት ሳይሆን በፊደል ይለኩ፤ ባይቱንም በሦስት አባዝተው ያዘጋጁ። መዝገቡ የማይችለው ነገር ሲመጣ ዝም ብሎ ከመቍረጥ ይልቅ እንደ ሜይንፍሬሙ አልችልም ብሎ ይቁም፤ መዝጋቢዋም ባለጉዳዩ ፊት እያለ ታውቀው። ረጅም ዝርዝር ያለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ላይ ከመታጨቅ ይልቅ በፋይል ይቀመጥና በመጠሪያው ይጠቀስ። አሮጌ መዝገብ ሲታደስም በአሮጌው የሚሠሩት እንዳይናዱ አዲሱ በር በጐን ይከፈት።

ከእኛ ከአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ደግሞ ይህ ይጠበቃል። እያንዳንዳችን ከመጣንበት ወረዳ ረጃጅሞቹን የሰውና የቦታ ስሞች፥ በየቋንቋው እንደሚጻፉት፥ ከባለቤቶቹ ማንነት ለይተን እንሰብስብ። የተማሪዎች ኅብረት ይህን ዝርዝር አባዝቶ ለኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች ይስጥ። ማናቸውም መዝገብ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዚህ ዝርዝር ይፈተን። የቢታ ገነትን አድራሻ ሳይቈርጥ የተቀበለ መዝገብ ለሌላውም አገር ይበቃል ብለን እናምናለን። ይህ ሥራ ጥቂት ወረቀትና ጥቂት ምሽት እንጂ በጀት አይጠይቅም። እንዲያውም የአርትና የሳይንስ ተማሪዎች በካፌ ጠረጴዛ ከመፎካከር አልፈው አንድ ነገር አብረው የሚሠሩበት ጥሩ አጋጣሚ ይሆናል።

አንዳንዶች «ለአንድ ስም ይህን ያህል ጩኸት!» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን ነገ እነዚህን መዝገቦች የምናዘጋጅ፥ የምናዝና የምንፈርምባቸው እኛው ነን። የዛሬ ስልሳ ዓመት ጥቂት ካርዶች ብቻ ናቸው ተብሎ የተናቀ ልክ፥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ስንቱን ባለሙያ ቃል እንዳሳጠረ አይተናል። እኛም ዛሬ ሳናስብ የምንጽፋት ሠላሳ የምትል ቍጥር የልጅ ልጆቻችንን የአያት ስም ልትቈርጥ ትችላለች። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚቈረጠው የእኛው ስም ነው።

ጓደኛችን ከቢታ ገነት የተላከለትን ደብዳቤ አቅርቦ ወረቀቱ ተስተካክሎለታል፤ የአያቱ ስም ግን መዝገቡ ስላልቻለው በእስክሪፕቶ ተጨምሮ ማኅተም ተመትቶበታል። እኛም ከዚህ ቀን ጀምሮ «ኃይ» ብለን ላንጠራው ቃል ገብተናል። በዚህ መጽሔት አማካይነት ሌሎችም ጓደኞቻችን እንዲሁ ሙሉ ስሙን እንዲጠሩት እንለምናለን። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ጊዜ አለን።